ፕሌስመንት ቴስት ፕሪካልኩለስ ላይ ጣለኝ፣ ዘልዬ ካልኩለስ ልግባ ወይስ ስታቲስቲክስ ልውሰድ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ኮሌጅ ልጀምር ነው፣ ያሰብኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው ግን ምናልባት ወደ ኢኮኖሚክስ ልቀይር እችላለሁ። ሃይስኩል ማትስ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ መጨረሻ አካባቢ ካልኩለስም ትንሽ ነካክተናል። ከዛ አንድ አመት እቤት ተቀመጥኩ። ፕሌስመንት ቴስቱን (ኮሌጁ የትኛው ማትስ ክፍል እንደምገባ የሚለይበትን ፈተና) ማታ ደክሞኝ በስልኬ ሰራሁትና ፕሪካልኩለስ ግቢ አለኝ። ወንድሜ ኢንጂነር ነው፣ ፕሪካልኩለስ የሃይስኩል ድግግሞሽ ነው፣ ለምነሽም ቢሆን ካልኩለስ አንድ ግቢ ይለኛል። ጓደኛዬ ደሞ ስታቲስቲክስ ውሰጂ ቀላል ነው፣ ኤ ታመጫለሽ፣ ከማትስም ትገላገያለሽ ትላለች። 16 ክሬዲት ልይዝ ነው፣ በሳምንት 20 ሰአት ስራም አለኝ። ክፍል ሊጀመር 6 ሳምንት ቀርቶታል። የቱን ልውሰድ? ፕሪካልኩለስ መግባትስ ወደኋላ መቅረት አይደለም ወይ?»

ወንድምሽም ጓደኛሽም የሚመልሱት አንቺ ያልጠየቅሽውን ነው። እሱ የመለሰው የትኛው ኮርስ ከፍ ያለ ነው ለሚለው ነው፣ እሷ ደሞ የትኛው ይቀላል ለሚለው። አንቺን የሚጠቅምሽ ጥያቄ ግን ይሄ ነው፣ የያዝኩት ፕሮግራም ከዚህ ኮርስ በኋላ ምን ምን ያስወስደኛል፣ ዛሬ በእጄ ያለው አልጀብራስ እዛ ድረስ ያስኬደኛል ወይ? ቅደም ተከተሉም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙ፣ ቀጥሎ አልጀብራሽ፣ ከዛ ያለሽ ሰአት። የኮርሱ ስም ሰው ፊት እንዴት ይሰማል የሚለው ከነጭራሹ አይገባም።

አንድ ነገር ከስሩ እናስተካክል። የኮሌጅ ማትስ ሁሉም ሰው ተራ በተራ የሚወጣው አንድ መሰላል አይደለም። አብዛኛው አዲስ ተማሪ ከታች ኮሌጅ አልጀብራ፣ ከሱ በላይ ስታቲስቲክስ፣ ከሱ በላይ ፕሪካልኩለስ፣ ጫፉ ላይ ካልኩለስ አድርጎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ ዝቅ ያለ ሲመስለው ያፍራል ከፍ ያለ ሲመስለው ይኮራል። እውነታው ግን ኮርሶቹ የተሰሩት ለተለያየ መድረሻ ነው። ፕሪካልኩለስ አንድ አላማ ብቻ ነው ያለው፣ ለካልኩለስ ማዘጋጀት። ካልኩለስ የማያስፈልገው ፕሮግራም ውስጥ ያለ ልጅ ፕሪካልኩለስ ሲወስድ ሳይ በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ትሪጎኖሜትሪ ሲታገል ከርሞ ያ ነገር በኋላ አንድም ቦታ አያገኘውም። ስታቲስቲክስ ደሞ የካልኩለስ ታናሽ ወንድም አይደለም፣ ሌላ ዘርፍ ነው። ዛሬ ማንኛውም የመግቢያ ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ቲ ቴስት ያወጣው ዊልያም ጎሴት የሚባል የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሰራተኛ ነው፣ በ1908፣ ችግሩ ደሞ ከትንሽ ናሙና ተነስቶ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል የሚል ነበር። የስታቲስቲክስ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ካልኩለስ ደሞ የሚጠይቀው ነገሮች በምን ፍጥነት ይለወጣሉ፣ ሲጠራቀሙስ ስንት ይሆናሉ ብሎ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራሞች ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያሉ ግን ባብዛኛው የሚጠይቁት ካልኩለስ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ካልኩለስ ሁለት፣ ዲስክሪት ማትስ፣ ሊኒየር አልጀብራ እና ፕሮባቢሊቲ ወይም ስታቲስቲክስ ነው። ኢኮኖሚክስ ባብዛኛው ቢያንስ ካልኩለስ አንድ እና ስታቲስቲክስ ይፈልጋል፣ ማስተርስና ፒኤችዲ ካሰብሽ ደሞ ካልኩለስ ሦስት፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ እንዲያውም ሪል አናሊሲስ ድረስ ይጠይቁሻል። ስለዚህ ሁለቱም መንገድሽ በካልኩለስ ነው የሚያልፈው። የጓደኛሽ ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ስታቲስቲክስ ወስደሽ ከማትስ አትገላገይም፣ ካልኩለሱን ብቻ ነው የምታስተላልፊው፣ በተላለፈ ቁጥር ደሞ ያለሽ አልጀብራ እየደከመ ይሄዳል።

ስታቲስቲክስ ላይ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፣ ብዙ ኮሌጆች ላይ ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ያለ ካልኩለስ የሚሰጠው የመግቢያ ኮርስ ነው፣ ሳይኮሎጂ፣ ነርሲንግ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ፐብሊክ ሄልዝ የሚያጠኑ የሚወስዱት። ሁለተኛው ካልኩለስን እንደ ፕሪሪኩዚት (አስቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) የሚጠይቅ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ይሄኛውን ነው። የመጀመሪያውን አሁን ወስደሽ በኋላ አይቆጠርልሽም ልትባዪ ትችያለሽ፣ አንድ ኮርስ ሁለቴ እንደመውሰድ ማለት ነው። «ቀላል ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው፣ ስሌቱ ይቀላል፣ ግን ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ከናሙና የሚወጣ የግምት ክልል) ምን ማለት እንደሆነ ምን ማለትም እንዳልሆነ በአረፍተ ነገር አስረጂ ሲባሉ ስንት ካልኩለስ የሚችሉ ልጆች ብእራቸው ይቆማል።

ተመሳሳይ ወጥመድ ካልኩለስ ውስጥም አለ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። ቢዝነስ ካልኩለስ ወይም አፕላይድ ካልኩለስ የሚባል ኮርስ ካታሎጉ ላይ ታገኛለሽ፣ ስሙ ካልኩለስ ነው፣ ትሪጎኖሜትሪ ብዙም የለውም፣ አጠር ያለ ነው። ለቢዝነስ ተማሪ ጥሩ ኮርስ ነው። ግን ባብዛኛው ኮሌጅ ወደ ካልኩለስ ሁለት አያሻግርም። ኮምፒውተር ሳይንስ ይዘሽ እሱን ከወሰድሽ በኋላ ካልኩለስ አንድን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንትም አንዳንዱ ይቀበለዋል አንዳንዱ አይቀበለውም። ለመቀየር የምታስቢ ልጅ ስለሆንሽ ሁለቱንም በር የሚከፍተውን፣ ማለትም ዋናውን ካልኩለስ አንድ፣ ነው መያዝ ያለብሽ።

እንግዲህ ጥያቄው ካልኩለስ ልውሰድ ወይስ አልውሰድ የሚለው አይደለም፣ ትወስጃለሽ። መቼ ነው የሚለው ብቻ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ፕሌስመንት ቴስቱ ይመጣል።

ፕሌስመንት ቴስት የጭንቅላትሽ ልክ አይደለም፣ የሃይስኩል ውጤትሽንም አይሽርም። የሚለካው በዛች ቀን፣ ያለ ዝግጅት፣ ምን ያህል ነገር ከእጅሽ እንደሚወጣ ነው። ብዙ ተማሪዎች ተሳስተው አንዱን ወገን ብቻ ይይዛሉ፣ ወይ «ቴስቱ ፈርዶብኛል» ብሎ መቀበል ወይ «ቴስቱ ዝም ብሎ ነው» ብሎ መናቅ። ሁለቱም አያዋጣም። አንቺ በስልክ፣ ማታ፣ ደክሞሽ፣ ከአንድ አመት እረፍት በኋላ ነው የሰራሽው፣ ስለዚህ ውጤቱ ከአቅምሽ ዝቅ ብሎ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። የትኛውን ቴስት እንደወሰድሽ አልጻፍሽም ግን ብዙ ኮሌጆች የሚሰሩበት አሌክስ የሚባለውን ከሆነ ቢበዛ 30 ጥያቄ ነው ያለው፣ ቀጣዩ ጥያቄ በቀደመው መልስሽ ነው የሚመረጠው፣ መልሱንም ባብዛኛው ራስሽ ጽፈሽ ነው የምታስገቢው እንጂ ከምርጫ አትመርጪም። እንዲህ አይነት ቴስት ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳይዙ በስልክ መልስ መንካት ዝም ብሎ ነጥብ መጣል ነው። ደጋግሞ መውሰድ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ስንት ጊዜና በስንት ቀን ልዩነት የሚለውን ኮሌጁ ነው የሚወስነው፣ ቴስቲንግ ሴንተሩን ጠይቂ።

ግን እባክሽ አንድ ነገር አታድርጊ፣ ሁለተኛውን ዙር በቻትጂፒቲ ወይም በፎቶማዝ (ጥያቄውን ፎቶ ስታነሺው የሚሰራልሽ አፕ) እየሰራሽ ከፍ ያለ ውጤት አታምጪ። ይሄን የምለው ስለ ህጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ቴስቱ ካልኩለስ ግቢ ይልሻል፣ ትገቢያለሽ፣ በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉ ውስጥ የሚጻፈውን መከተል ያቅትሻል፣ ጥፋቱ የካልኩለስ ይመስልሻል፣ «ለማትስ አልተፈጠርኩም» ብለሽ ትወጫለሽ። እንደዚህ ብለው ሜጀር የቀየሩ፣ ሁለት ወር አልጀብራ ቢሰሩ ግን የሚዘልቁ የነበሩ ልጆች አውቃለሁ። በጣም ያንገበግበኛል።

ለምን አልጀብራ አልጀብራ እንደምል በቁጥር ላሳይሽ፣ ይሄን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢው። ካልኩለስ አንድ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ከሚሰጡት ጥያቄዎች አንዱ የ ኤክስ² ደሪቬቲቭ (የሚለወጥበት ፍጥነት) 3 ላይ ስንት ነው የሚል ነው። አሰራሩ፣ ትንሽ ቁጥር ትወስጃለሽ፣ ሀ እንበላት፣ ከዛ (3+ሀ)² ላይ 9 ቀንሰሽ ለሀ ታካፍያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ሀ ወደ ዜሮ ስትጠጋ ምን እንደሚሆን ታያለሽ። (3+ሀ)² ሲዘረዘር 9+6ሀ+ሀ² ነው፣ 9 ሲቀነስ 6ሀ+ሀ² ይቀራል፣ ለሀ ሲካፈል 6+ሀ፣ ሀ ወደ ዜሮ ሲሄድ መልሱ 6። አሁን ደሞ (3+ሀ)² ማለት 9+ሀ² ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ እንይ፣ በጣም ብዙ ናቸው እነዚህ። 9 ሲቀንስ ሀ² ይቀረዋል፣ ለሀ ሲያካፍል ሀ፣ ሀ ወደ ዜሮ ስትሄድ መልሱ ዜሮ። ይሄ ልጅ ካልኩለሱን አንድም ቦታ አልተሳሳተም፣ ሊሚቱን (ሀ ወደ ዜሮ ስትጠጋ የሚለውን) በትክክል ነው የወሰደው፣ ፎርሙላውንም በትክክል ነው የጻፈው። የሳተው ቅንፍ አዘራዘር ላይ ነው፣ መልሱ ግን ሙሉ በሙሉ ተበላሸ። ከዚህ ሁሉ መስመር ውስጥ ካልኩለስ የሚባለው የመጨረሻዋ አንዷ እርምጃ ብቻ ናት፣ ሌላው በሙሉ አልጀብራ ነው። ኮርሱ እስከ መጨረሻው እንደዚህ ነው የሚሄደው፣ ፕሮፌሰሩ ሰሌዳው ላይ አልጀብራውን ሳያብራራ በሁለት መስመር ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ታውቂዋለሽ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ከቴስቱ በላይ የማምነው ይሄን ነው፣ ካልኩሌተር አስቀምጪ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጊ፣ ባዶ ወረቀት ያዢና እነዚህን ስሪ። 1/ኤክስ እና 1/(ኤክስ+2) ደምረሽ አንድ ክፍልፋይ አድርጊ። ኤፍ(ኤክስ) = ኤክስ² − 3ኤክስ ከሆነ ኤፍ(ሀ+1) ስንት ነው? በ(1፣2) እና በ(3፣8) የሚያልፈውን መስመር ኢኩዌሽን ጻፊ። 8 ፓወር 2/3 ስንት ነው? 2 በስንት ፓወር ነው 1/8 የሚሆነው? −2ኤክስ ከ6 ካነሰ ኤክስ ምን ይሆናል? ሳይን 150 ዲግሪ ስንት ነው፣ ለምን? የመጨረሻዋ፣ ዙሪያው 20 ሜትር የሆነ ሬክታንግል አለ፣ ስፋቱን (ኤሪያውን) በአንድ ጎኑ ብቻ ግለጪው፣ ግራፉስ ምን ይመስላል?

መልሶቹ በቅደም ተከተል (2ኤክስ+2)/(ኤክስ(ኤክስ+2))፣ ሀ²−ሀ−2፣ ዋይ = 3ኤክስ−1፣ 4፣ −3፣ ኤክስ ከ−3 ይበልጣል (አቅጣጫው መዞሩን ልብ በይ)፣ 1/2፣ እና አንዱ ጎን ኤክስ ከሆነ ስፋቱ ኤክስ(10−ኤክስ)፣ ግራፉ ወደታች የተደፋ ፓራቦላ። ከስምንቱ ሰባት ወይም ስምንት ከያዝሽ፣ ያውም በግማሽ ሰአት ውስጥ ሳትጨናነቂ፣ ፕሪካልኩለስ ውስጥ ጊዜሽን አታጥፊ። አምስት ስድስት ከሆነ፣ የሳትሻቸው ደሞ «እንዴ ይሄንማ አውቀው ነበር» የምትያቸው ከሆኑ፣ የጎደለሽ ልምምድ ነው፣ 6 ሳምንት ይበቃሻል። አራትና ከዛ በታች ከሆነ፣ ወይም ኤፍ(ሀ+1) የሚለው አጻጻፍ ራሱ ግራ ካጋባሽ፣ ፕሪካልኩለስ ለአንቺ ትክክለኛው ኮርስ ነው፣ ያለምንም ሀፍረት። እርግጥ ስምንት ጥያቄ ሁሉን ነገር አይለካም፣ ግን የት እንዳለሽ በደንብ ያሳይሻል።

ወንድምሽ ፕሪካልኩለስ የሃይስኩል ድግግሞሽ ነው ያለውን ደሞ፣ ርእሶቹን ካየሽ አዎ ይደጋገማሉ፣ ፋንክሽን፣ ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ። አያያዙ ግን ይለያል። ሃይስኩል አንድ ወር የሚፈጅ ቻፕተር እዚህ በሳምንት ተኩል ያልቃል፣ ጥያቄውም ፎርሙላ ውስጥ ቁጥር ከመተካት አልፎ ፋንክሽኑን ራሱን እንደ አንድ ነገር ይዞ ማዞር፣ መገልበጥ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ላይ ነው። ቼይን ሩል የሚባለው ካልኩለስ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጥለው ነገር ኮምፖዚሽን (ይሄ አንዱን ፋንክሽን በሌላው ውስጥ ማስገባት) ያልገባው ሰው ፈጽሞ አይገባውም። በሌላ በኩል ደሞ ፕሪካልኩለስ ወሰድኩ ማለት ካልኩለስ አለፍኩ ማለት አይደለም፣ እየተንገዳገዱ በሲ ማይነስ ያለፉት ፕሪካልኩለስ ምንም አያዘጋጅም። ከገባሽ በደንብ ነው።

«ካልኩለስ ነካክተናል» ያልሽውም ትንሽ ያሳስበኛል። የኤክስ² ደሪቬቲቭ 2ኤክስ ነው የሚለውን ማስታወስ ኮርሱን ማወቅ አይደለም፣ ይልቅስ አደጋው እዚህ ነው ያለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታወቅ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል፣ ከዛ ሪሌትድ ሬትስና ኦፕቲማይዜሽን ሲመጣ፣ ማለትም ቃላትን ወደ ኢኩዌሽን መቀየር ሲጀመር፣ ለመያዝ ጊዜ የለም። ሙሉ ካልኩለስ ሃይስኩል ወስደው እንደ ኤፒ፣ አይቢ ወይም ኤ ሌቭል ያለ ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፉ ተማሪዎች ጉዳይ ሌላ ነው፣ እነሱ ክሬዲት ይሰጣቸው እንደሆነ ኮሌጁን ጠይቀው የካልኩለስ አንድ የድሮ ፋይናል ራሳቸውን ፈትነው ወደ ካልኩለስ ሁለት መግባት ይችላሉ።

ስለ ወደኋላ መቅረት። የወንድምሽ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ፊዚክሱ በካልኩለስ ላይ ይንጠለጠላል፣ ስታቲክስና ዳይናሚክስ ደሞ በፊዚክሱ ላይ፣ ስለዚህ አንድ ሴሚስተር መዘግየት አንዳንዴ አመት ይሆናል፣ በተለይ ቀጣዩ ኮርስ በአመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ። ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ግን ዋናው ሰንሰለት ፕሮግራሚንግ፣ ከዛ ዳታ ስትራክቸር፣ ከዛ አልጎሪዝም ነው፣ ይሄ ባብዛኛው ካልኩለስን አይጠብቅም። ፕሪካልኩለስ ይዘሽ ፕሮግራሚንግ አንድን በመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመር ትችያለሽ፣ አንዳንድ ኮሌጅ ዲስክሪት ማትስንም ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ካልኩለስ አንድን አስቀድሚ ይላል፣ ይሄን ካታሎጉ ላይ እዪ። በስምንት ሴሚስተር ፕሮግራም ውስጥ ካልኩለስ አንድን ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ፣ ካልኩለስ ሁለትን ሦስተኛው ላይ፣ ሊኒየር አልጀብራን አራተኛው ላይ ብትወስጂ ምንም አይጣበብሽም።

ደሞ ይሄን አስቢው፣ ፕሪካልኩለስን ዘልለሽ ካልኩለስ አንድ ገብተሽ ብትወድቂ በሁለተኛው ሴሚስተር ትደግሚዋለሽ። ፕሪካልኩለስ ጀምረሽ ብትሄጂም ካልኩለስ አንድን የምትጨርሺው በዛው በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። ማለትም መዝለሉ ጊዜ የሚቆጥበው ካለፍሽ ብቻ ነው፣ ካልሆነ እዛው ቦታ ትደርሻለሽ፣ ያውም ትራንስክሪፕትሽ ላይ ኤፍ ይዘሽ። 16 ክሬዲት ይዘሽ ካልኩለሱ 4 ክሬዲት ከሆነ፣ ሌላውን 12 ክሬዲት በሙሉ ኤ ብታመጪ እንኳን በአንዱ ኤፍ የሴሚስተር ጂፒኤሽ ከ4.0 ወደ 3.0 ይወርዳል። ዲ ማምጣትም ብዙ አያድንም፣ አብዛኛው ኮሌጅ ለቀጣዩ ማትስ ቢያንስ ሲ ይጠይቃል።

ሰአትሽን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጪ ሁለት ሰአት ጥናት ነው። 16 ክሬዲት ማለት 16 ሰአት ክፍል እና 32 ሰአት ጥናት፣ 48 ሰአት ነው። 20 ሰአት ስራሽን ስትጨምሪበት 68። ለመጀመሪያ ሴሚስተር፣ ከአንድ አመት እረፍት በኋላ፣ ይሄ አይሆንም። ማትሱ የቱም ይሁን የቱ ክሬዲቱን ወደ 12 ወይም 13 አውርጂው፣ ከስኮላርሺፕሽ ወይም ከፋይናንሻል ኤይድሽ ጋር የማይጋጭ መሆኑን አጣርተሽ። ብዙ ልጅ ማትስ የከበደው እየመሰለው የከበደው ሳምንቱ ነው።

እንግዲህ ውሳኔው። 6 ሳምንት አለሽ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት በቀን አንድ ሰአት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ስሪ። ቪዲዮ ማየት ብቻውን አይቆጠርም፣ ቪዲዮው ሲያልቅ የሚቀረው «ገብቶኛል» የሚል ስሜት እንጂ እጅሽ አልሰራም። ካን አካዳሚ ላይ የፕሪካልኩለስ መልመጃዎች በነፃ አሉ፣ ኦፕንስታክስም ሙሉ መጽሀፎቹን ኦንላይን በነፃ ነው የሚሰጠው። ክፍልፋይና ቅንፍ አስቀድሚ፣ ከዛ ፋንክሽን፣ ከዛ ኤክስፖነንትና ሎግ፣ ትሪጉን መጨረሻ አድርጊው። አምስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ፕሌስመንቱን ድገሚው፣ ጠዋት፣ በኮምፒውተር፣ ወረቀት ይዘሽ፣ ብቻሽን። ካልኩለስ አንድ ካለሽ ግቢ። አሁንም ፕሪካልኩለስ ካለሽ እሱን ያዢ፣ መለመን አያስፈልግም፣ የተዘጋጀሽበት ውጤት ስለሆነ እመኚው። አንዳንድ ኮሌጅ ሦስተኛ አማራጭ አለው፣ ካልኩለስ አንድ ከድጋፍ ክፍል ጋር አብሮ የሚሰጥ፣ ኮሪኩዚት ይሉታል፣ ተጨማሪ ሰአት ይወስዳል ግን ድንበሩ ላይ ላለ ተማሪ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ካለ ጠይቂ። ስታቲስቲክሱን ለዚህ ሴሚስተር ተይው፣ ቢዝነስ ካልኩለሱንም እንዳትነኪው።

ይሄን የምታነቡ ሌሎች፣ የሷ መልስ የናንተ ላይሆን ይችላል። ነርሲንግ ወይም ሶሻል ሳይንስ ከሆነ ፕሮግራማችሁ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ስታቲስቲክስ ነው፣ በቀጥታ እሱን ያዙ። ባዮሎጂ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ሜዲካል ስኩል የምታስቡ፣ ሁለቱም ሊጠየቅ ይችላል። ሜጀር ጭራሽ ያልወሰናችሁ ከሆነ ግን ካልኩለስ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽም ቢሆን የምታስቡ ከሆነ ወደ ካልኩለስ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፣ ከሱ ወደ ሌላው መዞር ይቻላል፣ ከሁለት አመት በኋላ ወደሱ መመለስ ግን በጣም ይከብዳል።

አድቫይዘርሽ ጋ ስትሄጂ ደሞ «የቱን ልውሰድ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ብዙ ተማሪ ስላለባቸው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ነው የሚነግሩሽ። የኮምፒውተር ሳይንሱንም የኢኮኖሚክሱንም የሪኳየርመንት ገጽ ፕሪንት አድርገሽ ሂጂና ይሄ ኮርስ ለሁለቱም ይቆጠራል ወይ፣ ቀጣዩ ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር ነው የሚሰጠው በያቸው፣ የመለሱልሽንም በኢሜይል አስደግፊ። የአድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መተዊያ) ማብቂያ ቀኑን ከአሁኑ ጻፊው፣ ብዙ ቦታ የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው፣ እስከዛ ከካልኩለስ ወደ ፕሪካልኩለስ ያለምንም ምልክት መውረድ ትችያለሽ፣ ከዛ በኋላ ግን ዊዝድሮው ይሆናል፣ ኮርሱን አቋረጠች የሚል ዳብሊው ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይጻፍብሻል፣ መውረጃ ክፍሉም ሞልቶ ይጠብቅሻል። የመጀመሪያው ፈተና ባብዛኛው ከዛ ቀን በኋላ ስለሆነ እሱን አትጠብቂ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የቤት ስራዎች ያለማንም እርዳታ ሰርተሽ ከግማሽ በላይ የከበደሽ አልጀብራው ከሆነ በዛው ሳምንት ውረጂ።